ድሬ ያነከሰችበት ክረምት፦ የ2011 የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ከምልክቱ እስከ ስርጭቱ

በ2011 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ውስጥ ሰው ቀጥ ብሎ መሄድ አቅቶት ነበር። ማጋነን አይደለም። ከከዚራ እስከ ገንደ ቆሬ፣ ከሳቢያን እስከ መጋላ ግድግዳ እየተደገፈ የሚሄድ፣ ከባጃጅ ለመውረድ ሰው የሚደግፈው፣ የውሃ ጆግ ማንሳት ያቃተው ሰው በየደረስክበት ታያለህ። ሽማግሌና አሮጊት ብቻ አይደሉም። ትናንት ኳስ ሲጫወት የዋለ ጎረምሳ ጠዋት ከአልጋው ሲወርድ እግሩ መሬት አልረግጥ ብሎት ያለቅስ ነበር። በሽታው ቺኩንጉንያ ይባላል። እኔ ያኔ በከተማው አንድ ጤና ጣቢያ ተመላላሽ ክፍል ነርስ ነበርኩ።

ጉዳዩን አሁን እንድጽፈው ያደረገኝ የዝንጀሮ ፈንጣጣ ነው። ግንቦት 2017 ላይ ሞያሌ ውስጥ መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ ትኩሳትና ሽፍታ ያለበት ሰው ሁሉ ይፈራል። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን በሽታው በምን መንገድ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚሄድ ሳይታወቅ የሚደረግ ጥንቃቄ ጉልበት ይጨርሳል እንጂ ማንንም አያድንም። የዝንጀሮ ፈንጣጣ በዋናነት የሚተላለፈው በቅርብ የአካል ንክኪ ነው። ቁስሉን መንካት፣ የበሽተኛውን አንሶላና ፎጣ መጋራት ያስይዛል። ቺኩንጉንያ ግን በሽተኛውን አቅፈኸው ብታድር እንኳ አይዝህም፣ መሃል ላይ ቢንቢ ካልገባች። በ2011 ብዙ ቤት ውስጥ ያየሁት ግን የበሽተኛ ብርጭቆ ሲለይ፣ ልጆች ወደ አያታቸው እንዳይጠጉ ሲከለከሉ፣ ቢንቢዋ የምትፈለፈልበት በርሜል ደግሞ በሩ ላይ ክዳኑን ከፍቶ ቆሞ ነው።

በሽተኛው ምን ይላል?

ድሬ ነው፣ ክረምት ነው፣ ትኩሳት ነው። ይሄ ሲሆን ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ወባን ነው። ደም ይታያል፣ ወባ የለም። ቀጥሎ የሚመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ይባልና መድኃኒት ተይዞ ወደ ቤት ይኬዳል። በዚያ ክረምት ግን ወባ የሌለባቸው፣ የታይፎይድ መድኃኒት የማያሽላቸው ትኩሳታሞች ቁጥር በየቀኑ ጨመረ። ሁሉም የሚያወሩት ደግሞ ያንኑ ታሪክ ነው።

አንዲት ቀፊራ ገበያ የሚነግዱ እናት በደንብ ትዝ ይሉኛል። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ይመስለኛል። ልጃቸው በብብታቸው ገብቶ ደግፎ አመጣቸው። «ልጄ፣ ማታ ደህና ነበርኩ» አሉኝ። «ራቴን በልቼ፣ ሰግጄ ተኛሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ብርድ ብርድ አለኝ። ሲነጋ ይሄው እጄ አልጨብጥ አለኝ።» ትኩሳታቸው ከ39 በላይ ነው። ሁለቱም የእጅ አንጓዎቻቸው አብጠዋል፣ ቁርጭምጭሚታቸውም እንደዚያው። ጣቶቻቸውን አጥፉ ስላቸው ግማሽ ላይ ሲደርሱ ጮኹ።

የበሽታው ፀባይ እሳቸው ላይ ሙሉውን ይታያል። አንደኛ ድንገተኛ ነው፤ በሽተኛው የጀመረበትን ሰዓት ሳይቀር ይነግርሃል። ሁለተኛ ትኩሳቱ ከፍተኛ ነው። ሦስተኛና ዋናው መገጣጠሚያው ነው፤ አንጓ፣ ጣት፣ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ጎን እኩል ይታመማል። ራስ ምታትና የጡንቻ ሕመም አብረው ይመጣሉ። ትኩሳቱ ከጀመረ ከሁለት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ብዙዎቹ ላይ ሽፍታ ይወጣል፣ ሆድና ጀርባ ላይ፣ ክንድ ላይ፣ አንዳንዴም ፊት ላይ። ጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ በደንብ አይታይም። ስለዚህ በዓይን ብቻ ፈልጎ «ሽፍታ የለም» ብሎ መጻፍ አያዋጣም፤ በእጅ መዳሰስ፣ «ያሳክክሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል።

ሽፍታ ሲባል ዛሬ ሰው የዝንጀሮ ፈንጣጣን ስለሚያስብ ልዩነቱን ልንገራችሁ። የቺኩንጉንያ ሽፍታ ጠፍጣፋ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው፣ ውሃ አይቋጥርም ማለት ይቻላል፣ በጥቂት ቀን ይጠፋል። የዝንጀሮ ፈንጣጣው ግን ከጠፍጣፋ ነጠብጣብ ተነስቶ ወደ እብጠት፣ ከዚያ ውሃ ወደ ቋጠረ፣ ከዚያ መግል ወደ ያዘ ቁስል ይሸጋገራል፣ በመጨረሻ ቅርፊት ሠርቶ ይረግፋል። ይሄ ሁሉ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል። መዳፍና የእግር ውስጥም፣ አፍና ብልት አካባቢም ሊወጣ ይችላል። አንገት፣ ብብት ወይም ብሽሽት ላይ ያሉ ንፍፊቶች ያብጣሉ። ቺኩንጉንያ የያዘው ሰው ደግሞ ቆዳውን ሳይሆን አንጓውን ይዞ ነው የሚመጣው።

ዴንጊ ከሚባለው ሌላ የትኩሳት በሽታ መለየቱ ይከብዳል። ዴንጊ ለድሬ አዲስ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ በላቦራቶሪ የተረጋገጠው የመጀመሪያው የዴንጊ ወረርሽኝ የተነሳው እዚሁ ድሬዳዋ፣ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነበር። ሁለቱንም የምታስተላልፈው አንዷ ቢንቢ ናት፣ አጀማመራቸውም ይመሳሰላል። ዴንጊ ላይ ከዓይን ኳስ ጀርባ የሚሰማ ሕመምና የወገብ ሕመም ያይላል፣ ድድና አፍንጫ ሊደማ ይችላል፣ ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ ትኩሳቱ ሲወርድ በሽተኛው እየባሰበት መሄዱ ነው። ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ቀዝቃዛ እጅና እግር ካለ ቤት ማስተኛት የለም፣ ሆስፒታል ነው። ቺኩንጉንያ በአብዛኛው አይገድልም። የመገጣጠሚያ እብጠቱና ስቃዩ ግን ከዴንጊው ይብሳል።

ይህን ልዩነት ያመጣሁት ለእውቀት ያህል አይደለም። በዚያ ሰሞን ከበሽተኞች በቀን ውስጥ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ «ሲስተር፣ መርፌውን ውጊኝ» የሚል ነበር። መርፌው ዳይክሎፌናክ ነው። ሕመም ያስታግሳል፣ ሰዉም ያውቀዋል። ግን ዴንጊ መሆን አለመሆኑ ሳይለይ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን መስጠት መድማትን ሊያባብስ ይችላል። መመሪያው ፓራሲታሞል፣ ብዙ ፈሳሽ፣ እረፍት ነው። በስቃይ ለተጣመመ ሰው «ፓራሲታሞል ውሰድ፣ ውሃ ጠጣ» ማለት ከባድ ነው፣ የናቅከው ይመስለዋል። አንድ ሹፌር «አቦ! ለዚች ነው እንዴ ሁለት ሰዓት ያሰለፋችሁኝ?» ብሎ ካርዱን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ሊወጣ ነበር። ቁጭ አድርጌ ምክንያቱን ሳስረዳው ግን ተረጋጋ። ሰው ምክንያቱ ከተነገረው ይሰማል። ጊዜ ማጠሩ ነው እንጂ።

ናሙናው አዲስ አበባ፣ በሽታው ሰፈር ውስጥ

ናሙና ወደ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተልኮ ቺኩንጉንያ መሆኑ ተረጋገጠ። ምርመራውም የራሱ ጣጣ አለው። ቫይረሱ ደም ውስጥ በብዛት የሚገኘው በመጀመሪያው ሳምንት ስለሆነ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው የፒሲአር ምርመራ የሚጠቅመው ያኔ ነው፤ ሳምንት ካለፈ ሰውነት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው መፈለግ የሚሻለው። «ካልተሻለኝ እመለሳለሁ» ብሎ በአሥረኛው ቀን ከመጣ ሰው የተወሰደ ናሙና በፒሲአር «የለም» ቢል ሰውየው አልተያዘም ማለት አይደለም።

ማረጋገጫው በመጣ ጊዜ በሽታው ከተማውን አዳርሶ ነበር። በ2012 መስከረም መጀመሪያ፣ በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ ሲነገር የነበረው የታማሚ ቁጥር ከ20 ሺህ በላይ ነው። ይሄም ጤና ተቋም የደረሰው ብቻ ነው። አባትና እናት ጤና ጣቢያ መጥተው ተመሳሳይ ነገር ሲነገራቸው ልጆቹ የሚመጡበት ምክንያት የለም፣ ቤት ተኝተው ያንኑ ፓራሲታሞል ይውጣሉ። ባለሙያውም አልቀረለትም። እጁ ያበጠ ነርስ መርፌ አይወጋም።

ለምን እንዲህ ፈጠነ? ሕዝቡ ለዚህ ቫይረስ አዲስ ስለነበር ነው። ቺኩንጉንያ መጀመሪያ የተለየው በ1952 እ.ኤ.አ. ደቡብ ታንዛኒያ ውስጥ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ኬንያ ማንዴራ ላይ ተነሳ፣ በዚያው ዓመት ድንበሩን ተሻግሮ በእኛው ሶማሌ ክልል ዶሎ አዶ ታየ። ድሬ ደግሞ መንገድ ናት። ከተማዋ ራሷ በ1902 እ.ኤ.አ. ሐዲዱ እዚህ በመድረሱ የተቆረቆረች ናት፤ ዛሬም የጅቡቲው መስመር፣ የጫት መኪናው፣ የሶማሌው ነጋዴ ሁሉ በዚህ ያልፋል። አንድ ሰው ቫይረሱ በደሙ እያለ እዚህ ደርሶ ከተነደፈ በቂ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ የኛው ቢንቢ ትሠራዋለች። ቀድሞ የታመመ፣ የመከላከል አቅም ያለው ሰው በሌለበት ከተማ ደግሞ የሚያግዳት የለም።

በርሜሉ

ቢንቢዋ ኤደስ ኤጂፕታይ ትባላለች። ጥቁር ናት፣ እግሯ ላይ ነጭ ቀለበት ቀለበት አላት። ከወባዋ ትንኝ በሁለት ነገር ትለያለች፣ ሁለቱም የድሬን ሰው አኗኗር የሚነኩ ናቸው። የመጀመሪያው የምትነድፈው ቀን መሆኑ ነው፤ በተለይ ጠዋትና ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ባሉት ሰዓታት። ሁለተኛው የምትራባው ሰው ለመጠጥና ለልብስ ብሎ ባስቀመጠው ውሃ ውስጥ መሆኑ ነው።

ከውሃው ልጀምር። ድሬ ውስጥ ቧንቧ በፈረቃ ነው የሚመጣው። የመጣ ቀን ያለው ዕቃ ሁሉ ይሞላል፤ በርሜል፣ ሮቶ፣ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ድስት ሳይቀር። ነገ ላይመጣ ይችላላ! ማንም ሰው በዚህ ሊወቀስ አይገባም፣ በዚያ ሙቀት ያለ ውሃ አይኖርም። ግን ያ በርሜል ለኤደስ ምቹ ቤት ነው። እንቁላሏን የምትጥለው ውሃው ላይ ሳይሆን ከውሃው ከፍ ብሎ በዕቃው ግድግዳ ላይ ነው፣ ይጣበቃል። ውሃው ቢያልቅ እንቁላሉ ለወራት ደርቆ ይቆይና በርሜሉ እንደገና ሲሞላ ይፈለፈላል። በድሬ ሙቀት ከእንቁላል እስከ በራሪ ቢንቢ ለመድረስ ሳምንት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይበቃዋል። ስለዚህ በርሜሉን ደፍቶ መልሶ መሙላት ብቻውን ዋጋ የለውም። ግድግዳው በብሩሽ መፈተግ አለበት፣ በየሳምንቱ። ከዚያ ክዳን፤ ክዳን ከሌለ ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ጥርቅም አድርጎ ማሰር።

በወረርሽኙ ሰሞን ሰዉ የዘመተው ግን ቦይና ቆሻሻ ላይ ነው። ደቻቱ ወንዝ ውስጥ የተጣለው ቆሻሻ ተጠረገ፣ ቱቦ ተከፈተ። ጥሩ ሥራ ነው፣ ለሌላ በሽታና ለጎርፍ ይጠቅማል። የቦይ ጥቁር ውሃ ግን የሌላ ዓይነት ቢንቢ ሰፈር ነው። ኤደስን የሚፈልግ ሰው መሄድ ያለበት ጎሚስታው ደጅ ወደ ተከመረው አሮጌ ጎማ፣ በየግቢው ጥግ ወደ ተረሳው ጣሳ፣ ከሁሉም በላይ ወደ በርሜሉ ነው። አንድ ጊዜ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ጋር ለቤት ለቤት ቅኝት ወጥቼ የአንዲት እናት በርሜል ውስጥ በባትሪ ስናበራ የቢንቢ እጭ ሲተራመስ ታየ። ግቢያቸው ተጠርጎ፣ ውሃ ተረጭቶ፣ ጽድት ብሏል። ደነገጡ፣ አፈሩም። «እኔ ቆሻሻ ሰው አይደለሁም» አሉን። አይደሉም። ቤታቸው የተሰደበ እንዳይመስላቸው ማስረዳት የዚያ ሥራ ትልቁ ክፍል ነበር።

ይሄ የድሬ ብቻ ታሪክ አይደለም። በ2004 እ.ኤ.አ. ኬንያ ላሙ ደሴት ላይ ቺኩንጉንያ የደሴቱን አብዛኛውን ነዋሪ ያጠቃው በድርቅ ወቅት ነበር፤ ዝናብ ጠፍቶ ሰዉ ውሃ በየቤቱ በማጠራቀሙ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ዝናብ ቢዘንብም ባይዘንብም ለኤደስ ቤት አይጠፋም።

አሁን ወደ ሰዓቱ። የድሬን ቀን አስቡት። ጠዋት ገበያው ይደምቃል፣ እኩለ ቀን ላይ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው በረንዳ ላይ ምንጣፍ አንጥፎ ጋደም ይላል፣ ከሰዓት በርጫ ነው፣ ሽርጥ ታጥቆ፣ እግር ተገልጦ፣ እስከ ማታ። የኤደስ ሰዓት ከሞላ ጎደል ይሄው ነው። ለወባ የተሰጠን አጎበር ማታ ብቻ ከተዘረጋ ይቺን ብዙም አያግዳትም። ቀን የሚተኛ ሕፃን፣ አራስና ታማሚ ግን አጎበር ውስጥ መተኛት አለበት። በተለይ ታማሚው። ሰው አጎበርን ጤነኛውን ለመጠበቅ ብቻ ያስበዋል። በመጀመሪያው ሳምንት የታማሚው ደም ቫይረስ የሞላበት ስለሆነ ቢንቢ እሱን ከነደፈች ነው ቀሪውን ቤተሰብ የምታስይዘው። እሱን ቀን በአጎበር መሸፈን ግቢውን በሙሉ መጠበቅ ነው። ይህንን ምክር ለእያንዳንዱ በሽተኛ ስሰጥ «በቀን? በዚህ ሙቀት?» የሚል መልስ ነው የማገኘው። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ለአንድ ሳምንት ነው።

ስርጭቱ በግልጽ የሚታየው ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ነው። መጀመሪያ አንድ ሰው ይወድቃል። ለጥቂት ቀናት ዝም ይላል፤ ሰዉ «እሱ ብቻ ነው» ብሎ ይረጋጋል። ከዚያ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስት አራት ሰው ባንዴ ይተኛል። ዝምታው መቆሙን አያሳይም። ቢንቢዋ የመጀመሪያውን ሰው ነድፋ ቫይረሱ ምራቋ እስኪደርስ ቀናት ይፈጃል፣ የነደፈችው ሰው ደግሞ እስኪታመም አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ይወስዳል። ኤደስ ሩቅ አትበርም፣ ግን አንዴ ጠጥታ አትጠግብም። ከአንዱ ተረብሻ ወደ ሌላው ትሄዳለች፣ በአንድ ከሰዓት በርጫ ላይ የተቀመጡትን ሁሉ ልታዳርስ ትችላለች። በሽታው የሚጓዘው በሰው እግር ነው፤ ጎረቤት ሊጠይቅ በሄደ፣ ገበያ በወጣ፣ ለቅሶ በተቀመጠ ሰው።

የኬሚካል ርጭቱን በተመለከተ የራሴን አስተያየት ልናገር። መረጨቱ ተገቢ ነበር፣ በራሪውን ቢንቢ ይቀንሳል። ነገር ግን ኤደስ የምትደበቀው ቤት ውስጥ ነው፤ አልጋ ሥር፣ መጋረጃ ኋላ፣ የተሰቀለ ልብስ ውስጥ። መንገድ ላይ የሚያልፍ ጭስ ብዙም አይደርስባትም፣ በርሜል ውስጥ ያለውን እጭ ደግሞ ጭራሽ አይነካውም። ሰዉ መኪናው ሲያልፍ አይቶ «ተረጨልን» ብሎ በርሜሉን እንዲረሳ ካደረገው ጉዳቱ ያመዝናል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለአንድ ቀበሌ ክዳንና ብሩሽ ይዘው በየሳምንቱ በየቤቱ የሚዞሩ ሰዎች ይሻላሉ።

ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላ

ትኩሳቱ በአብዛኛው በሳምንት ውስጥ ይለቃል። መገጣጠሚያው ግን ለብዙዎች ወራት ይቆያል፣ ለአንዳንዱ ዓመትም ያልፋል። የቀፊራዋ እናት ከእንቁጣጣሽ በኋላም ተመልሰው መጥተው ነበር። ጠዋት ጠዋት ጣታቸው ተሳስሮ እስኪፍታታ ሰዓት ይፈጅባቸዋል፣ ከረጢት ማንሳት አልቻሉም፣ ሥራውን ልጃቸው ይዞታል። የወረርሽኝ ሪፖርት ላይ እሳቸው «የዳነ» ተብለው ነው የሚቆጠሩት። የቀን ሠራተኛ፣ ባጃጅ ነጂ፣ እንጀራ ጋጋሪ ሲሆን የእጅ አንጓ ማለት እንጀራ ነው፣ ስለዚህ በዚያ ዓመት ስንት ቤት ገቢው እንደቀነሰ የታማሚ ቁጥር ብቻ አይቶ ማወቅ አይቻልም። ዴንጊ አለመሆኑ ከታወቀና ትኩሳቱ ካለፈ በኋላ ለዚህ ሕመም ሐኪም የሚያዘው ጠንከር ያለ ማስታገሻ አለ፤ እጅና እግርን ቀስ እያደረጉ ማንቀሳቀስም ይረዳል።

አራስ ሕፃናትን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። እናት በወሊድ ሰሞን ከታመመች ቫይረሱ በምጥ ጊዜ ወደ ልጁ ሊያልፍ ይችላል። ልጁ ሲወለድ ደህና ሆኖ ከቀናት በኋላ ትኩሳት ይይዘዋል፣ ጡት እምቢ ይላል፣ ሕመሙም ከአዋቂው ይከፋል። በትኩሳት ውስጥ ሆና የወለደች እናት ልጇን ይዛ ቶሎ ወደ ቤት ባትሄድ፣ ለሳምንት ያህል ክትትል ቢደረግላት ይመረጣል። ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸውም፣ ዕድሜያቸው የገፋም እንዲሁ ጠበቅ ያለ ክትትል ይፈልጋሉ።

ወረርሽኙ በመጨረሻ ረገበ። ርጭቱና ዘመቻው ድርሻ አለው፤ ትልቁ ምክንያት ግን በብዙ ሰፈር ቢንቢዋ የምታስይዘው አዲስ ሰው እያነሰ መሄዱ ይመስለኛል። አንዴ የያዘው ሰው ለረጅም ጊዜ፣ ምናልባትም ዕድሜ ልኩን፣ አይያዝም። ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ልጆችና ወደ ከተማዋ የገቡት ሰዎች ግን ያ መከላከያ የላቸውም።

በርሜሉም አለ። በ2014 ዓ.ም. ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ደረቅ ወራት ድሬ ውስጥ ከ2,400 በላይ ሰው በወባ ታመመ፤ ከሦስት ዓመት በፊት በነዚያው ወራት የተመዘገበው 205 ነበር። ያመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል፣ ከእስያ የመጣች፣ ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ ቀብሪ ደሃር ላይ በ2016 እ.ኤ.አ. የተገኘች የወባ ትንኝ ናት። እሷም እንደ ኤደስ በሮቶና በበርሜል፣ በግንባታ ቦታ በተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ትራባለች፣ ዝናብ አትጠብቅም። እናም ዛሬ ድሬ ላይ ትኩሳት ይዞት የሚመጣ ሰው ወባው ቢታይበትም ባይታይበትም አንድ ጥያቄ እጨምርለታለሁ፤ ቤትህ ውሃ የምታስቀምጠው በምንድን ነው፣ ክዳንስ አለው?